ሳሙናው የት ይሸጣል?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ልብ ወለድና ግጥም እያነሣን ስንመረምር ቆይተናል። ገጸ ባሕርይው ያሳምናል ወይ? ታሪኩ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? ጸሐፊው ያለፈው ነገር አለ ወይ? እያልን ጠይቀናል። ዛሬ ግን ከልብ ወለድ ይልቅ አዘውትረን የምናነበውን፣ ሆኖም አንድም ቀን ሒስ ያላቀረብንበትን ጽሑፍ ላንሣ። እርሱም በስልካችን የሚደርሰን የሳይንስ ዜና ነው፤ በተለይም «ናኖ» የሚል ቃል ያለበት።

አስቀድመን በቃሉ እንስማማ። አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፋይ ናኖሜትር ይባላል። የአንዲት ዘለላ ፀጉር ውፍረት በግምት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይሆናል። ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው ባብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ቁስን የመሥራትና የመቆጣጠር ሙያ ነው። ቁስ ወደዚህ መጠን ሲወርድ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይለወጣል። ሳይንቲስቶች የሚደክሙትም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከዚህ ትንሽ ዓለም ሦስት ዜናዎች ተከታትለው ወጡ። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ለኮቪድ ክትባት መንገድ በከፈተው ሥራቸው የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ፤ የዚያ ዓይነቱ ክትባት ፍሬ ነገር ወደ ሰውነት የሚገባው በናኖ መጠን በተሠሩ የስብ ቅንጣቶች ተጠቅልሎ ነው። በኬሚስትሪ ሙንጊ ባዌንዲ፣ ሉዊስ ብሩስና አሌክሲ ኤኪሞቭ ኳንተም ዶት ስለሚባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተሸለሙ፤ የእነዚህን ቀለም የሚወስነው መጠናቸው ነው። ሦስተኛው ዜና ከእኛ ወገን ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደው፣ በቨርጂኒያ የሚማረው የ14 ዓመቱ ሄመን በቀለ በ3ኤም ኩባንያ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25 ሺህ ዶላር ተሸለመ። ታይም መጽሔትም የ2024 «የዓመቱ ልጅ» ብሎ ሰየመው።

በእኛ ዘንድ ከሦስቱ የተዳረሰው የትኛው እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። የሄመን ፎቶ በየቴሌግራም ቡድኑ ዞረ። ደስ ሊለንም ይገባ ነበር። ሆኖም በእጄ የደረሱት የአማርኛ መልእክቶች ጭብጥ አንድ ነበር፦ ታዳጊው የቆዳ ካንሰርን የሚያድን ሳሙና ፈለሰፈ። በዚያው ዐረፍተ ነገር ታሪኩ አለቀ።

አሁን ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ኢሚኪሞድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሄመን አልፈጠረውም። በቅባት መልክ ተሠርቶ የቆዳን የመከላከል ኃይል የሚያነሣሣ ሲሆን ለአንዳንድ ገና ላይ ላዩን ላሉ የቆዳ ካንሰሮች ሐኪሞች ያዙታል። ሄመን በልጅነቱ በኢትዮጵያ በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ያያቸውን ሰዎች እያሰበ፣ ይህን መድኃኒት ሁሉም ሰው በቤቱ በሚያገኘው ርካሽ ነገር፣ ማለትም በሳሙና፣ ማድረስ ይቻል ይሆን ብሎ ጠየቀ። ነገር ግን ሳሙና ታጥቦ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም አብሮት ይሄዳል። ናኖ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚይዙ ጥቃቅን የስብ ቅንጣቶች በሳሙናው ውስጥ ቢኖሩ፣ አረፋው ታጥቦ ሲሄድ እነርሱ ቆዳው ላይ ይቀራሉ የሚል ነው ሐሳቡ። የታሪኩ ዋና ነገር ይህ ነበር። በአማርኛው መልእክት ውስጥ ግን ይህ አንድም ቦታ አልነበረም።

ሽልማቱ የተሰጠው ለሐሳቡና ለመጀመሪያው ናሙና ነው። ከዚያ በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተመራማሪ ጋር በአይጦች ላይ የሚደረግ ሥራ ጀመረ። ከአይጥ በኋላ በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ አለ፤ ከዚያም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ አለ። ልጁ ራሱ በተሸለመበት ጊዜ ሥራውን አሻሽሎ ለተቸገሩ ለማድረስ የአምስት ዓመት ተስፋ እንዳለው ተናግሯል። እንግዲህ የቸኮልነው እኛ አንባቢዎች ነን፤ እርሱ ጥንቃቄውን አልረሳም።

ሥነ ጽሑፍ የምትወዱ ልጆች አንድ ነገር አስተውሉ። በቋንቋችን ዐረፍተ ነገር የሚቆመው በማሰሪያ አንቀጹ ነው። ብዙ ቃል ደርድረን መጨረሻ ላይ የምናኖረው ግሥ ሁሉን ይወስናል። «ፈለሰፈ» ብለን ካሰርነው ነገሩ አልቋል። «እየሞከረ ነው» ብለን ካሰርነው መንገዱ ገና ነው። «ያድናል» እና «ያድን ይሆናል» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቃል ብትሆንም፣ በእርሷ ውስጥ የብዙ ዓመት ድካም፣ የብዙ ሰዎች ምርመራ፣ ምናልባትም «አልሠራም» የሚል ውጤት ተቀምጧል። ዜናውን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የዋሸ ላይመስለው ይችላል። ቢሆንም ማሰሪያውን በመለወጡ ታሪኩን ለውጦታል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዜናው በተሰራጨ ሰሞን ፊቷ ላይ የማይድን ቁስል የወጣባት አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ አንዱን ወጣታችንን ጠርታ፣ «ልጄ፣ ያ ሳሙና የት ይሸጣል?» ብላ ጠየቀችው። ዜናውን ያየችው እርሱ ካጋራው ነው። ምን ይመልስላት? የቆዳ ካንሰር ቶሎ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል በሽታ ነው፤ በተለይ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን አደጋው ከሌላው ሰው ይበልጣል። ገና ያልተሠራ ሳሙና ሲጠበቅ የሚያልፈው ወር ከታማሚው ላይ የሚቀነስ ጊዜ ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት የሚበጀው ዜና ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ የሚነግራት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወገን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የመጀመሪያው የኮቪድ ክትባት ወደ አገራችን ሲገባ፣ ክትባቱ ውስጥ የናኖ ቺፕ አለ፤ ይህም የአውሬው ምልክት ነው የሚል መልእክት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የወጣቶች ቡድን ሳይቀር ዞሮ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያን ጊዜ የገባው ከ2 ሚሊዮን በላይ መጠን ያለው ክትባት አስትራዜኔካ ነበር። አስትራዜኔካ ደግሞ የሚሠራው እንዳይራባ ተደርጎ በተለወጠ ቫይረስ ተሸካሚነት ነው፤ የናኖ የስብ ቅንጣት የለበትም። ቅንጣቱ ያለው በፋይዘርና በሞደርና ውስጥ ነው። ፋይዘር ቆይቶ ወደ አገራችን ገብቷል፤ ነገር ግን በእርሱም ውስጥ ያለው ቅንጣት ወደ 100 ናኖሜትር የሚጠጋ የስብ አረፋ ነው። ባትሪም አንቴናም የለውም፤ ሰውነት እንደ ሌላው ስብ አፈራርሶ ያስወግደዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንዱ መልእክት ያስጨበጨበን ሳሙና የሚሠራው በናኖ የስብ ቅንጣት ነው። በሌላው መልእክት ያስደነገጠንም የናኖ ቅንጣት ነው። የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሁለት ነገሮች በአንድ ስልክ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው እጅ፣ አንዱ ተአምር አንዱ ርኩሰት ሆነው ተላለፉ። ይህ ሊሆን የቻለው ሁለቱም መልእክቶች በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለተጻፉ ነው። ሁለቱም መጨረሻውን ብቻ ይነግሩናል። በምን ተሠራ? በማን ላይ ተሞከረ? ምን ያህል ነው? ማን አየው? ለሚሉት መልስ የላቸውም። የሚያስደስተንም የሚያስፈራንም ታሪክ ያለ ምርመራ ከገባ በር ላይ ጠባቂ የለንም ማለት ነው። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከሥሩ በጥንቃቄ እንደተከታተለና ከዓይን ምስክሮች እንደተቀበለ ለቴዎፍሎስ ይገልጥለታል። እንግዲህ ምንጭ መጠየቅን የእምነት ማነስ አድርገን የምናይ ከሆነ ከእርሱም ጋር አንስማማም።

እስካሁን ያየናቸው የተወሩትን ዜናዎች ነው። ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ አለ፤ እርሱም ያልተወራው። እርሱን ለማግኘት ቨርጂኒያ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳማ ወደ ወንጂ፣ ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ ባለው መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ሲስቁ ጥርሳቸውን ማየት ይበቃል።

የስምጥ ሸለቆ ዐለት የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ በዚህ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። ካልሲየም በብዛት ቢኖርበት ፍሎራይዱን ይዞ ያዘቅጠው ነበር፤ የእኛ ውኃ ግን ካልሲየሙ አነስተኛ ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟምቶ ይቆያል። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለውን የልጅ ጥርስ ያበላሻል፤ በብዙ ዓመታትም አጥንትን ያደነድናል፣ ወገብን ያጎብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በሸለቆው ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተጎድቶ ተገኝቷል፤ በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ለረጅም ጊዜ በኖሩ ሠራተኞች ላይም የአጥንት ጉዳት ታይቷል።

ስለዚህ ውኃ ከምናወራው ውስጥ ብዙው ስሕተት ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። የክሎሪን መድኃኒት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። የበለዘውን ጥርስ ደግሞ መፋቂያም ሆነ የጥርስ ሳሙና አያጠራውም፤ ንጽሕና የማጣት ምልክት አይደለምና ማንም አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቅ አይገባውም።

ታዲያ ሳይንሱ ምን አደረገ? ብዙ አድርጓል። ናልጎንዳ የሚባለው፣ ስሙን ከህንድ አውራጃ የወሰደው ዘዴ፣ አሉም (ሸብ) እና ኖራ ውኃው ውስጥ በጥብጦ ፍሎራይዱን ከዝቃጩ ጋር ያወርዳል። በሸለቆው ተሞክሯል፤ ግን በየቀኑ መለካትና መበጥበጥ ይጠይቃል። በሞጆ ደግሞ የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት፣ ኤዋግ ከተባለው የስዊስ የውኃ ምርምር ተቋምና ከስዊስ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅት ጋር፣ የከብት አጥንት በምድጃ አክስሎ ማጣሪያ ሠርቷል።

የአጥንቱ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አጥንትና ጥርስ የተሠሩበት ማዕድን አንድ ዓይነት ነው። ይህ ማዕድን ፍሎራይድን ይወዳል፤ ለዚህ ነው ከውኃው ወደ ጥርሳችን የሚገባው። በማጣሪያው ውስጥ ግን በልጁ ጥርስ ላይ ሊደርስ የነበረውን ፍሎራይድ የከብቱ አጥንት ቀድሞ ይቀበለዋል። የአጥንት ማዕድን ክሪስታሎች ደግሞ ስፋታቸው የሚለካው በናኖሜትር ነው። ፈጣሪ ይህን በሰውነታችን ውስጥ ያደረገው ናኖ የሚለው ስም ሳይወጣ በፊት ነው።

ተመራማሪዎች ከአጥንት አልፈው በናኖ መጠን የተሠሩ የአሉሚኒየምና የብረት ውሕዶችን የሚፈትኑትም ለዚሁ ነው፤ ቁሱ ባነሰ ቁጥር ፍሎራይድ የሚይዝበት ገጽ ይሰፋል። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ኩብ ስኳር አስቡ፤ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ ስኳር ጎናቸው አንድ ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች መቆራረጥ ቢቻል የገጾቹ ድምር 6 ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ሊሸፍን ምንም ያህል አይቀረው። ስኳሩ ግን ያው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፈለቀ ዘውገና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድን በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ከውኃ ስለማስወገድ ያሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ማንም በነፃ ሊያነበው ይችላል።

ይህ ለምን አልተወራም? አንደኛው ምክንያት ጀግናው አንድ ሰው ስላልሆነ ነው። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ስለሌለው ነው። የአጥንት ማጣሪያ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ሲሞላም የውኃው ጣዕም አይለወጥም። ስለዚህ የሚለካ ሰው፣ የሚቀይር ሰው፣ ለቅያሪው የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። የእንዲህ ዓይነት ታሪክ ማሰሪያ «ፈለሰፈ» ሊሆን አይችልም፤ «እየተንከባከቡት ነው» የሚል መሆን አለበት። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ግሥ ማጋራት አልለመድንም።

ሒሱ ለእኛ ብቻ ከቀረ ግን ያዳላል። ተመራማሪዎችም ድርሻ አላቸው። ስለ ናኖ ማጣሪያ የሚጻፉ ብዙ የጥናት ጽሑፎች ቤተ ሙከራ ውስጥ በተዘጋጀ ውኃ ጀምረው «ተስፋ ሰጪ ነው» በሚል ያበቃሉ። ከብርጭቆው እስከ መቂ ጉድጓድ ያለው መንገድ አይተረክም። የሚጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ውኃውን የምትጠጣው እናት በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ የምታነበው አንድ ገጽ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በከተማችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአዲስ አበባም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የናኖቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል አለው። በእነዚህ ግቢዎች ከምትማሩት መካከል ይህን መጽሔት የምታነቡ አላችሁ፤ ክፍተቱ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ነው።

ታዲያ ከየት እናንብብ? የምመክራችሁ ምንጮች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። የኖቤል ሽልማት ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ሽልማት በሥዕል የተደገፈ፣ ለተራ አንባቢ የተጻፈ ጥቂት ገጽ ያወጣል። የ2023ቱ የኳንተም ዶት ጽሑፍ መንገዱን ከነድካሙ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ የሚያወራው ስለ አሸናፊዎች ብቻ መሆኑ ነው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ናኖሃብ ነፃ ትምህርትና በኮምፒውተር የሚሠራ ሙከራ አለው፤ ግን ጠንካራ ኢንተርኔትና ጥሩ የፊዚክስ መሠረት ይፈልጋል። ፐብሜድ የሕክምና ጥናቶችን ማጠቃለያ በነፃ ያሳያል። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ደግሞ የአህጉራችንን መጽሔቶች የሰበሰበ ነው፤ ስለ ሸለቆው ውኃ የተጻፈ ለሚፈልግ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው እርሱን ነው። በእነዚህ ላይ መውጣት ብቻውን ግን እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ ደካማ ጥናትም እዚያው ይታተማል።

ስታነቡ አራት ነገር ጠይቁ። በምን ላይ ተሞከረ፤ በብርጭቆ፣ በአይጥ ወይስ በሰው? ቁጥሩ ስንት ነው፤ ከምን ወደ ምን ወረደ? ከተናጋሪው ሌላ ያየው ማን ነው? ምን ይቀረዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ የማይመልስ ጽሑፍ፣ የሚያስደስትም ቢሆን የሚያስፈራም ቢሆን፣ ከማጋራታችሁ በፊት አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ለሚቀጥለው እትም አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። በሰፈራችሁ ያለውን ውኃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ስለ ሸለቆው ፍሎራይድ ከተጻፉት አንዱን ጥናት፣ ቢያንስ ማጠቃለያውን፣ አንብቡ። ከዚያም እናታችሁ በምትገባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩልን፤ የተሻሉትን በዚሁ ዓምድ እናወጣለን። የተሠራውን ተሠራ፣ ያልተሠራውን አልተሠራም በሉ። ማሰሪያ አንቀጹን ከማኖራችሁ በፊት ግን ሁለት ጊዜ አስቡበት።